የመቀነቷ ኮከብ

(ኅዳር፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፤ ደብረ ብርሃን ዳር ኮረብታ ላይ ባለች የአንድ ኮሌጅ የኮከብ መመልከቻ ቤት፣ የፊዚክስ መምህርት ሰናይትና እናቷ ወይዘሮ እታፈራሁ፣ ጣሪያው በተከፈተ በሩ ግን በተዘጋ ክብ ክፍል ውስጥ።)

ሰናይት፦ ድንጋዩን ለምን አነሳሽው? እማዬ፣ ንገሪኝ፣ ድንጋዩን ለምን አነሳሽው?

እታፈራሁ፦ ብርድ ገባ።

ሰናይት፦ ብርድ ገባ! ጣሪያው እንዲህ ተከፍቶ ብርድ በበር ነው የሚገባው? ሺህ ጊዜ ነግሬሻለሁ። ይህ በር ከተዘጋ ያለ ቁልፍ አይከፈትም፣ ከውስጥም ቢሆን። ድንጋዩ ለጌጥ አይደለም የተቀመጠው።

እታፈራሁ፦ ታዲያ በቁልፉ ክፈቺዋ።

ሰናይት፦ ምስማሩ ላይ የለም! ስገባ እዚህ ሰቅዬዋለሁ። በዚህ በእጄ።

እታፈራሁ፦ ከበሩ ውጭ ጥለሽው ይሆናል። አንቺ እንደሆን ሐሳብሽ ሰማይ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ወጥ ጥደሽ «ቬኑስ ታየች» ብለሽ ወጥተሽ ድስቱ አልነደደም?

ሰናይት፦ የድስቱን ተይው። ስልክሽን ስጪኝ።

እታፈራሁ፦ ቤት ትቼው መጣሁ። ያንቺስ?

ሰናይት፦ ታች ቢሮ ነው። እዚህ ነጭ መብራት አይገባም፤ ስልኩም ትልቁ ባትሪም ውጭ ነው የሚቀረው። አንድ ጊዜ ብልጭ ካለ ዓይን ጨለማውን እንደገና እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ይህቺ ቀይ አምፖል ብቻ ናት የምትፈቀደው።

እታፈራሁ፦ ዓይንሽን አድናለሁ ብለሽ እኛን አስያዝሽን በይኛ።

ሰናይት፦ እኔ? እኔ ነኝ ያስያዝኩን? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ጋሽ ወንድይፍራው! ጋሽ ወንድይፍራው!

እታፈራሁ፦ ጉሮሮሽን አትጉጂ። ዘበኛውን ስመጣ መንገድ ላይ አግኝቼዋለሁ፤ እራቱን ሊበላ እየወረደ ነበር።

ሰናይት፦ መቼ ይመለሳል?

እታፈራሁ፦ ሁለት ሰዓት ተኩል አለኝ።

ሰናይት፦ ሁለት ሰዓት ተኩል! መክብብ የላካቸው ሽማግሌዎች አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤታችን ይደርሳሉ። አንዴ «እስቲ እናስብበት» ብለሽ መለስሻቸው። ሁለተኛ ሲመጡ «ኮከባቸው አልገጠመም» ብለሽ መለስሻቸው። ዛሬ ሦስተኛቸው ነው። በር ተዘግቶ ካገኙት በቃ፣ እንቢ ማለት ነው። አይመለሱም።

እታፈራሁ፦ እንግዲህ የእግዜር ፈቃድ ከሆነ።

ሰናይት፦ የእግዜር አትበይኝ! ደግሞ ማን ነይ አለሽ? ለነገ ተማሪዎች የኮከብ መነጽሩን አስተካክዬ አሁኑኑ እወርዳለሁ ብዬሽ ነበር። እራት አምጪልኝ ያለሽ ሰው አለ?

እታፈራሁ፦ እናት ለልጇ ዳቦ ብታመጣ ወንጀል ሆነ? በርኖሱንም አምጥቼልሻለሁ። ልበሺው፣ ከንፈርሽ ሰማያዊ ሆኗል።

ሰናይት፦ በቀይ መብራት ሰማያዊ አይታይም።

እታፈራሁ፦ እናት ታያለች።

ሰናይት፦ በዚህች መስኮት ባልፍ እኮ ዘልዬ... ፍርግርጉ ብረት ነው። ይኸው ቤታችን ይታያል። የበራችን አምፖል ራሱ ይታያል። እዚህ አፍንጫዬ ሥር ነው፣ መሄድ ግን አልችልም። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ከተማው ምን እንደሚል ግን ሰምተሻል?

እታፈራሁ፦ ከተማው ምን የማይለው አለ።

ሰናይት፦ «ኮከብ አስተማሪዋን ኮከብ ከለከላት» ይላል! ተማሪዎቼ ኮሪደር ላይ ሳልፍ ይጠቃቀሳሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ኮከብ የጋለ ጋዝ ነው፣ የሰው ዕድል አያውቅም እያልኩ ሳስተምር ኖሬ፣ እናቴ መሪጌታ ልሳነወርቅ ዘንድ ሄዳ ኮከቤን አስቆጠረች። መክብብን ትጠዪዋለሽ?

እታፈራሁ፦ እሱን ማን ይጠላል? የጎረቤታችንን ላም ሌሊቱን ሙሉ አዋልዶ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ የሄደ ልጅ።

ሰናይት፦ ታዲያስ?

እታፈራሁ፦ ታዲያማ ችኮላው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሰናይት፦ አራት ዓመት ተዋወቅን! ይሄ ሩጫ ነው? ቀንድ አውጣ እንኳ በአራት ዓመት አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል።

እታፈራሁ፦ ተቀመጪ ልጄ። ስትንቆራጠጪ ወለሉ ይጮኻል። ከታሰርን አይቀር እስቲ ይህን ነገርሽን አሳዪኝ።

ሰናይት፦ አሁን? አሁን ነው ኮከብ ማየት ያማረሽ?

እታፈራሁ፦ ስድስት ዓመት ስትመላለሺ አንድ ቀን አሳይተሽኝ ታውቂያለሽ?

ሰናይት፦ ስጠራሽ «ወገቤን» ትያለሻ።

እታፈራሁ፦ ዛሬ ወገቤ ደህና ነው።

ሰናይት፦ እሺ። እሺ፣ ካላበድኩ። ቀና በይ። አራት ኮከቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ይታዩሻል? ፈረስ ነው ይላሉ።

እታፈራሁ፦ የአልጋ እግር ነው እንጂ የምን ፈረስ።

ሰናይት፦ አልጋ ይሁን። በዚህ በኩል ያለው አንዱ እግር የሴትዮዋ ራስ ነው። ከራሷ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ውረጂ። ያቺ ቀላ ያለችው ወገቧ፣ ያቺ ደግሞ እግሯ። አንድሮሜዳ ትባላለች። የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት።

እታፈራሁ፦ የኛ? ማን አለ?

ሰናይት፦ የጥንት ግሪኮች።

እታፈራሁ፦ ግሪኮች ስለ እኛ ልጅ ምን አገባቸው?

ሰናይት፦ ተረታቸው ነዋ። እናቷ ንግሥቲቱ ያቻትልሽ፣ ዝቅ ብላ፣ አምስቱ ኮከቦች። «ልጄን የሚያህል ቆንጆ በባሕርም የለ» ብላ ፎከረች። ባሕሩ ተቆጣ፣ አውሬ ላከ። አገሩ እንዲተርፍ ተብሎ ልጅቷን ባሕር ዳር ከድንጋይ ጋር በሰንሰለት አሰሯት።

እታፈራሁ፦ እናትየው አፏን ባትሰበስብ ልጅቷ ታሰረች?

ሰናይት፦ እናትየውም አልቀረላት። ከነወንበሯ ሰማይ ላይ ትዞራለች፣ ግማሹን ጊዜ ቁልቁል ተዘቅዝቃ።

እታፈራሁ፦ ይበላት! ይኸው ነው፣ ዝም አይነቅዝም የሚባለው።

ሰናይት፦ ያንቺ ዝምታ ግን ነቅዟል። ሁለት ወር ሙሉ ቤቱ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ እሰማዋለሁ።

እታፈራሁ፦ ልጅቷን ታዲያ ማን ፈታት?

ሰናይት፦ አንድ ጎበዝ መጣ፣ አውሬውን ገደለ፣ አገባት።

እታፈራሁ፦ ሽማግሌ ልኮ?

ሰናይት፦ ኧረ አልላከም።

እታፈራሁ፦ ወይ ጉድ! ሽማግሌ ሳይልክ?

ሰናይት፦ የላከውማ ይኸው በር ተዘግቶበታል! ስንት ሰዓት ሆነ? አንድ ከሩብ። አምላኬ።

እታፈራሁ፦ ነይ ወደዚህ፣ ከመስኮቱ ራቂ። ያቺ የራሷ ኮከብ፣ የአልጋው እግርም እሷው ናት አላልሽም? የማን ናት ታዲያ?

ሰናይት፦ እሷ እንኳ ነገረኛ ናት። በዱሮው አቆጣጠር የፈረሱም እምብርት ነበረች፣ የሴትዮዋም ራስ። በሁለቱም ቤት ትጠራ ነበር። ኋላ፣ መቶ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፣ የሰማዩን ድንበር ሲያካልሉ ለሴትዮዋ ፈረዱላት።

እታፈራሁ፦ ፈረሱስ?

ሰናይት፦ ፈረሱ ምን?

እታፈራሁ፦ ዝም አለ? ስንት ዘመን ከሱ ጋር ኖራ፣ «የኔ ናት» አላለም?

ሰናይት፦ ኮከብ ነው እኮ እማዬ። ፈረስ የለም። ስዕሉን የሠራው ሰው ነው፣ ድንበሩንም ሰው ነው ያሰመረው፤ እሷ እንደሆን ባለችበት ታበራለች።

እታፈራሁ፦ እንዲያው ጠየቅኩ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ...

ሰናይት፦ ምን ሆንሽ?

እታፈራሁ፦ ምንም። አሳዪኝ፣ ሌላ አሳዪኝ።

ሰናይት፦ በዓይንሽ ከወገቧ ወደ ላይ፣ አንድ፣ ሁለት ትንንሽ ኮከብ ቁጠሪ። እዚያ ጋ እንደ ጭስ ያለች ነገር አለች። አየሻት? እሷ ኮከብ አይደለችም። ያለን ኮከብ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ አገር ቢሆን፣ እሷ ደግሞ ሌላ አገር ናት። ብርሃኗ እዚህ የደረሰው ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዓመት ተጉዞ ነው።

እታፈራሁ፦ ታዲያ የደረሰን አሮጌ ወሬ ነዋ።

ሰናይት፦ አሮጌ ነው። ግን ይደርሳል።

እታፈራሁ፦ ሁሉም?

ሰናይት፦ መንገድ ላይ የሚጋርደው ከሌለ ይደርሳል። ነይ... ቆይ፣ መነጽሩን ወደ እግሯ ላዙርልሽ። በዚህ በኩል ጎንበስ በይ። ስንት ናቸው?

እታፈራሁ፦ ውይ! ሁለት ናቸው! አንዷ ወርቅ፣ አንዷ ሰማያዊ። ቅድም አንድ አልነበረች?

ሰናይት፦ በባዶ ዓይን አንድ ናት። ሰማያዊዋም ብቻዋን አይደለችም፣ እሷ ራሷ ሦስት ናት ይላሉ። ይህ መነጽር ለዚያ አይበቃም።

እታፈራሁ፦ የሰው ሆድ በይኛ። ቢያዩት አያልቅም።

ሰናይት፦ አሁን ወገቧን ላሳይሽ፤ ነገ ለተማሪዎቹ ያዘጋጀሁት እሱን ነው። ቀይዋ ኮከብ ሚራክ ትባላለች። ስሙ የመጣው ከዓረብኛ ነው፣ ወገብ ላይ የሚታጠቁት ነገር ነው አሉ። መቀነት እንደማለት።

እታፈራሁ፦ መቀነት?

ሰናይት፦ ምነው ደነገጥሽ? ወገብሽን ምን ያስይዝሻል?

እታፈራሁ፦ ብርዱ ነው። ብርዱ ወገቤን ያዘኝ።

ሰናይት፦ ቅድም ደህና ነው አላልሽም? እዪ በይ። ምን ይታይሻል?

እታፈራሁ፦ ትልቅ ቀይ ኮከብ። ዓይን ትወጋለች።

ሰናይት፦ ከአጠገቧስ?

እታፈራሁ፦ ምንም የለም። ይሄ መስተዋትሽ ግን ቆሽሿል። እዚህ ጋ ትንፋሽ ነክቶታል። ቆይ በነጠላዬ ጫፍ...

ሰናይት፦ እንዳትነኪው! በስመአብ! ቆሻሻ አይደለም። ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። «መስተዋቱ ላብ ይዟል» ይላሉ፣ «የኮከቧ ነጸብራቅ ነው» ይላሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ተመልሰው ያያሉ፣ አለች። የሚራክ መንፈስ ብለው ስም አወጡላት። መንፈስም ቆሻሻም አይደለችም፣ ያቺኛዋን የመሰለች ሌላ አገር ናት፣ ከኮከቧ ወዲያ እጅግ ሩቅ። እኛ ስናያት ግን ጎን ለጎን ናቸው፣ ኮከቧ ደግሞ ደማቅ ናት፣ ትሸፍናታለች።

እታፈራሁ፦ ኮከቧ እያወቀች ነው የምትሸፍናት?

ሰናይት፦ ምን ማለት ነው?

እታፈራሁ፦ አይ። እንዴት ትታያለች ነው የምለው።

ሰናይት፦ በቀጥታ አታፍጪባት። አጠገቧ ያለውን ባዶውን ተመልከቺ። በጨለማ ዓይን በጎኑ ነው የሚያየው። አታፍጪ፣ ለቀቅ አድርጊው።

እታፈራሁ፦ አየኋት።

ሰናይት፦ ታለቅሻለሽ እንዴ?

እታፈራሁ፦ ዓይኔን ወጋኝ አልኩሽ እኮ።

ሰናይት፦ ቆይ... መብራት! መኪና ወደ ሰፈራችን ታጠፈ። የመክብብ አጎት ፒክአፕ ነው፣ አንድ ዓይኑ የፈዘዘው። እማዬ፣ መጡ። በራችን ላይ ቆሙ። ጋሽ ወንድይፍራው! ሰው የለም? ኧረ ሰው!

እታፈራሁ፦ አይሰሙሽም። ነፋሱ ወደዚህ ነው።

ሰናይት፦ አንቺ ምንም አልመሰለሽም። ቁጭ ብለሽ ዳቦ ትቆርሻለሽ።

እታፈራሁ፦ ምን ላድርግ? ግድግዳ ልቧጥጥ?

ሰናይት፦ እሺ። እንግዲያው ልቤ ውስጥ ያለውን ልናገር። ቤት ደርሰን፣ ሽማግሌው ተሸኝቶ፣ ቀስ ብዬ ልጠይቅሽ ነበር። ዛሬ ጠዋት መሪጌታ ልሳነወርቅ ዘንድ ሄጄ ነበር።

እታፈራሁ፦ የት?

ሰናይት፦ ኮከብ ቆጣሪሽ ጋ። ልጨቃጨቃቸው ነበር የሄድኩት። ምን አሉኝ መሰለሽ? «ገጥሟል፤ እንዲህ የገጠመ ካየሁም ቆይቻለሁ፤ ለእናትሽም ነግሬያቸዋለሁ» አሉኝ።

እታፈራሁ፦ አርጅተዋል። ይረሳሉ።

ሰናይት፦ እኔም እንዲያ አልኩ። ወረቀቱን ያሳዩኝ አልኳቸው። አወጡ። የመክብብ ስም ከነእናቱ ስም ትክክል ነው። የኔ ግን «ሰናይት፣ እናቷ የሻረግ» ይላል። መሪጌታ፣ ከሌላ ሰናይት ጋር አቀላቅለውኛል፣ የኔ እናት እታፈራሁ ናት አልኳቸው። ተቆጡ። «የእናት ስም ከተሳተ ኮከብ አይቆጠርም፤ ሁለቴ ጠይቄያቸው ሁለቴም የሻረግ ብለውኛል» አሉ። የሻረግ ማናት?

እታፈራሁ፦ ዳቦው ይደርቃል፣ ብይ።

ሰናይት፦ እማዬ። የሻረግ ማናት?

እታፈራሁ፦ ቀዩን መብራት አጥፊው።

ሰናይት፦ ለምን?

እታፈራሁ፦ አጥፊው አልኩሽ። ፊቴ ላይ አታፍጪብኝ። አንቺው እንዳልሽው፣ አጠገቤ ያለውን ባዶውን እዪ።

ሰናይት፦ ጠፋ።

እታፈራሁ፦ ጤና ረዳት የነበርኩበትን ታውቂያለሽ። ወንዝ ማዶ ያለች አንዲት ክፍል ጣቢያ። ነሐሴ ነበር፣ ወንዙ ሞልቷል። አንዲት ልጅ በቃሬዛ አመጡልኝ። ሃያም አይሞላት። ያመጧት ሰዎች አያውቋትም፣ መንገድ ዳር ወድቃ ነው ያገኟት። በዚያው ሌሊት ወለደች። ደሟ ግን አልቆም አለ። ያለኝን ሁሉ ሰጠኋት። መኪና የለ፣ ወንዙ አያሻግር። «ስሜ የሻረግ ነው፣ ከመንዝ ነኝ» አለችኝ። የባሏን ስም ብጠይቃት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በሦስተኛው ቀን እጄ ላይ አለፈች።

ሰናይት፦ ልጁስ?

እታፈራሁ፦ ልጅቷ። ልጅቷማ ይኸው ትጠይቀኛለች።

ሰናይት፦ እኔ ነኝ።

እታፈራሁ፦ አንቺ ነሽ።

ሰናይት፦ ቀጥይ።

እታፈራሁ፦ እኔና አባትሽ ስምንት ዓመት ልጅ ለምነን አጥተን ነበር። ለወረዳው ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ዘመድ ካላት ይፈለግ ብዬ። መልስ አልመጣም። ሁለተኛ አልጻፍኩም። እግዜር ይይልኝ፣ መልስ ባለመምጣቱ ደስ አለኝ። ደስታዬን እስከ ዛሬ አልተናዘዝኩትም። ዝውውር ጠይቀን እዚህ ስንመጣ ታዝለሽ ነበርና ማንም አልጠየቀኝ። ልብ ስትገዛ እነግራታለሁ አልኩ። ከዚያ ትምህርቷን ትጨርስ አልኩ። ከዚያ አባትሽ ሞተ፣ በሐዘን ላይ ሐዘን እንዴት ልጨምር አልኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሃያ ሰባት ዓመት። ምጥ እንኳ አላውቅም እኔ። ሌላውን አምጡ በርቱ ስል ነው የኖርኩት።

ሰናይት፦ ታዲያ ለኔ ያልተናገርሽውን ስም ለመሪጌታ ምን አናገረሽ?

እታፈራሁ፦ ለሰው ይዋሻል። ለኮከብ ምን ብዬ ልዋሽ? በኔ ስም አስቆጥሬ ቢገጥም ለማን ነው የገጠመው? እውነቱን ማወቅ ፈለግኩ። ለብቻዬ።

ሰናይት፦ ገጠመ።

እታፈራሁ፦ ገጠመ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለኝም። ሽማግሌ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድነው?

ሰናይት፦ ዘር።

እታፈራሁ፦ ሰባት ቤት። የኔን ሰባት ቤት፣ የአባትሽን ሰባት ቤት እንደ ውሃ ልቆጥርላቸው እችላለሁ፣ ማንም አይጠረጥርም። ግን ያንቺ አይደለም። የመክብብ ሰዎች ከየት ናቸው?

ሰናይት፦ ከመንዝ... ኦ እማዬ።

እታፈራሁ፦ የአክስቱ ልጅ ብትሆኚስ? የአጎቱስ? የኔን ዘር ቆጥሬ ከሥጋሽ ጋር ባጋባሽ ምን ይሉኛል በሰማይ? ብናገር ጉድ ነው፣ ዝም ብል ኃጢአት ነው። ኮከባቸው አልገጠመም ከማለት ሌላ አፌ ምን ቃል ሊያገኝ?

ሰናይት፦ ለኔ! ለኔ መንገር! ታካሚዎችሽን ስትቆጪ የምትዪው ምን ነበር? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም! ጎረቤት ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል!

እታፈራሁ፦ ጩኺብኝ። ልክ ነሽ፣ ጩኺብኝ።

ሰናይት፦ አልጮህም። ተቆጥቻለሁ። እንዲህ ተቆጥቼ አላውቅም። የማላውቃት ሴት ሞታልኝ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት ሻማ አላበራሁላትም።

እታፈራሁ፦ እኔ አበራለሁ። በየነሐሴው። «ለማን ነው?» ስትዪኝ «ለዘመድ» የምልሽ ለሷ ነው።

ሰናይት፦ አሁን ስሚኝ። እዚያ ደጃችን ላይ ከቆሙት ትልቁ ማን ናቸው? አባ ዘለቀ። የመንዝን ዘር ከላይ እስከ ታች የሚቆጥሩ ሰው። የሻረግ የምትባል ልጅ በዚያን ዘመን የጠፋችበትን ቤት የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። ከመክብብ ጋር እንዛመድ፣ አንዛመድ፣ በአንድ ምሽት ይነግሩናል። አንቺ የምትፈሪያቸው ሰውዬ መድኃኒታችን ናቸው!

እታፈራሁ፦ እኮ እሱን ነው የምፈራው።

ሰናይት፦ ዝምድና መገኘቱን?

እታፈራሁ፦ ዝምድናውን አይደለም፣ ዘመዶችሽን! አያት ይኖርሻል፣ አክስት ይኖርሻል፣ የሷ ዓይን ያላቸው፣ የሷ አፍንጫ ያላቸው። ሙሽራ ሆነሽ ብትሄጂ ለመልስ ትመለሻለሽ። ሥጋዋን አግኝታ የሄደች ልጅ ግን ምን ብላ ትመለሳለች? እኔ ምኗ ነኝ? አዋላጇ!

ሰናይት፦ ራስሽ ከሰሽ፣ ራስሽ ፈረድሽ። እኔን አንድ ቀን ጠይቀሽኛል?

እታፈራሁ፦ ፈራሁ አልኩሽ እኮ።

ሰናይት፦ እኔም ፈራሁ። ወጥተው መኪናው አጠገብ ቆመዋል መሰለኝ፣ መብራቱ ይቆራረጣል። ሽማግሌ ሳይገባ አይቀመጥ፣ ቆመው ነው የሚጠብቁት። አባ ዘለቀ ሰማንያ አልፏቸዋል፣ በዚህ ብርድ።

እታፈራሁ፦ ይሄዳሉ አሁን።

ሰናይት፦ ይሂዱ።

እታፈራሁ፦ ምን አልሽ?

ሰናይት፦ ይሂዱ አልኩ። ዘሬን ሳላውቅ መክብብን አላገባም፣ ያንቺ ፍርሃት አሁን እኔም ውስጥ ገብቷል። የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ ከዛሬ በኋላ ደጃችንን አይረግጡም። በር የዘጋችባቸውን ሴት ልጅ ማን ዘሯን ይቆጥርላታል? በቃ፣ አለቀ። ዳቦሽን ስጪኝ፣ ጋሽ ወንድይፍራው እስኪመጣ ልብላ።

እታፈራሁ፦ እንዲህ አትበይ።

ሰናይት፦ ምን ልበል?

እታፈራሁ፦ ስደቢኝ፣ በሩን ምቺ፣ ቅድም እንዳደረግሽው ጩኺ። እንዲህ ቁጭ አትበይብኝ። አባትሽ ሲሞት እንዲህ ነበር የተቀመጥሽው።

ሰናይት፦ ደከመኝ፣ እማዬ።

እታፈራሁ፦ ያቺ ንግሥት፣ ተዘቅዝቃ የቀረችው። በማውራቷ አይደል ልጇን ያሳሰረች?

ሰናይት፦ አዎ።

እታፈራሁ፦ እኔ ደግሞ ባለማውራቴ።

ሰናይት፦ መኪናው ዞረ። መብራቱ ወደ መንገዱ ዞሯል። ሊሄዱ ነው።

እታፈራሁ፦ መቀነቴን ፍቺልኝ።

ሰናይት፦ ምን?

እታፈራሁ፦ መቀነቴን ፍቺልኝ፣ ጣቴ ደንዝዟል። ቶሎ በይ!

ሰናይት፦ አሁን የመቀነት ጊዜ ነው? ምን እንዲህ አጥብቀሽ ቋጠርሽበት... ብረት ነው። እማዬ። ይሄ የበሩ ቁልፍ ነው።

እታፈራሁ፦ ጀርባሽን ሰጥተሽ ጣሪያውን ስታዞሪ ከምስማሩ አነሳሁት። ድንጋዩንም እያወቅኩ ነው ያነሳሁት። ስልኩንም እያወቅኩ ነው የተውኩት። ስድብሽን መንገድ ላይ እሰማዋለሁ፤ አሁን ክፈቺና ያንን ትልቁን ባትሪ ወደ መንገዱ አብሪላቸው!

ሰናይት፦ ነጩን? ዓይናችን...

እታፈራሁ፦ ይጥፋ! አብሪ!

ሰናይት፦ አበራሁ። እዩኝ፣ እዩኝ፣ በእመቤቴ... ቆመ። መኪናው ቆመ! መብራቱን አብርቶ አጥፍቶ መለሰልኝ። አይተውናል። ነይ፣ እጅሽን ስጪኝ፣ ደረጃው ያንሸራትታል። ቆይ ግን፣ ቆይ። ገብተው ዘር ሲጠይቁ ማን ነው የሚመልስላቸው?

እታፈራሁ፦ እኔ። ከየሻረግ ነው የምጀምረው።